ከጅማ ወደ ሄኢንሳ፦ በኮሪያ ተራራ ላይ ያለውን ጥንታዊ የቡድሃ ገዳም እንዴት እንጎብኝ?

ከጅማ ተነስቶ ደቡብ ኮሪያ የሚደርስ ሰው ብዙውን ጊዜ ለጉብኝት ብሎ አይሄድም። ተማሪው ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ዲግሪ፣ ነጋዴው የቡና ናሙና ይዞ፣ ሐኪሙና መምህሩ ለአጭር ሥልጠና ይሄዳሉ፤ ለራሳቸው የሚተርፋቸውም አንድ ቅዳሜና እሁድ ነው። ይህ መመሪያ እነዚያን ሁለት ቀናት በሴኡል ገበያዎች ከመጨረስ ይልቅ ሄኢንሳ በተባለው የተራራ ገዳም ለማሳለፍ ለሚያስብ ሰው የተጻፈ ነው። ለሴኡል የሚቀርቡ፣ ለመድረስም የሚቀሉ ሌሎች ገዳማት አሉ። ሄኢንሳን ያስመረጠኝ ግን በዓለም ያሳወቀው ሀብቱ የተቀመጠው በመጋዘን ውስጥ መሆኑ፣ የሚደነቀውም መጋዘኑ ራሱ መሆኑ ነው። እርጥበት የሚያበላሸውን ሀብት ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቅ የኖረ የጅማ ሰው፣ በእኔ ግምት፣ ይህን ቦታ ከብዙ ጎብኚ በተሻለ ዓይን ያየዋል።

ሄኢንሳ የሚገኘው በደቡብ ግዮንግሳንግ ክፍለ ሀገር፣ በሃፕቾን ወረዳ፣ በጋያ ተራራ ወገብ ላይ ነው። ሺላ በተባለው ጥንታዊ የኮሪያ መንግሥት ዘመን በ802 ሱኑንግና ኢጆንግ የተባሉ መነኮሳት መሠረቱት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የኮሪያ ቡድሂስቶች ከሁሉ አስበልጠው የሚያከብሯቸው ሦስት ገዳማት አሉ፤ ቶንግዶሳ የቡድሃ፣ ሶንግዋንግሳ የመነኮሳት ማኅበር፣ ሄኢንሳ ደግሞ የትምህርቱ ገዳም ይባላሉ። ሄኢንሳ ይህን ስም ያገኘው የቡድሂዝም ቅዱሳት መጻሕፍት የተቀረጹባቸውን 81,258 የእንጨት ሰሌዳዎች ስለሚጠብቅ ነው። ሰሌዳዎቹ የተሠሩት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የሞንጎል ጦር ኮሪያን በሚወርበት ጊዜ ነበር። ቀደም ሲል የነበረው የመጀመሪያው ስብስብ በ1232 በወራሪዎቹ እጅ ተቃጥሎ ስለነበር፣ ወደ ጋንግህዋ ደሴት የሸሸው፣ በወቅቱ ኮሪያን ይገዛ የነበረው የጎርዮ ቤተ መንግሥት የቡድሃን ጥበቃ እየተማጸነ ሥራውን እንደ አዲስ አስጀመረ፤ ፍጻሜውም ከ10 ዓመት በላይ ወሰደ። ሰሌዳዎቹ ወደ ሄኢንሳ የተዛወሩት በ1398 ነው። ያሉባቸው ሕንፃዎች በ1995 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ሰሌዳዎቹም በ2007 በዚያው ድርጅት የዓለም መዛግብት ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል።

ጊዜና መንገድ

ጊዜ የመምረጥ ዕድል ካለዎት ሚያዝያና ግንቦትን ይምረጡ። አየሩ ለእኛ ሰው ይስማማል፤ በጨረቃ አቆጣጠር በአራተኛው ወር በስምንተኛው ቀን የሚውለው የቡድሃ ልደትም በዚያው ሰሞን ስለሚከበር ግቢው በወረቀት ፋኖሶች ይሸፈናል። ሐምሌና ነሐሴ እንደ ጅማ ክረምት ዝናብ የሚበዛባቸው ወራት ናቸው፤ ሆኖም የእኛ ክረምት ብርድ ይዞ ሲመጣ የእነሱ ወበቅ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ለዚህም ልብስ ሲያዘጋጁ ቢያስቡበት ይሻላል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ድረስ የሜፕል ቅጠሎች ቀይ ሆነው ወደ ገዳሙ የሚወስደው የሆንግንዩዶንግ ሸለቆ እጅግ የሚያምርበት ወቅት ነው፤ ይህን የማያውቅ ኮሪያዊ ስለሌለ ግን አውቶቡሱም መንገዱም ይጨናነቃል። ታኅሣሥና ጥር ለጅማ ሰው ከባድ ናቸው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ የድንጋይ ደረጃዎቹም በረዶ ይጋግርባቸዋል። ያም ሆኖ ጸጥታን የሚወድ፣ ወፍራም ካፖርትና የማያንሸራትት ጫማ ያለው ሰው በክረምታቸው ቢሄድ አልቃወምም።

ቪዛው አዲስ አበባ ካለው የኮሪያ ኤምባሲ የሚጠየቅ በመሆኑ፣ ከጅማ አዲስ አበባ ያለውን 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከአንድ ጊዜ በላይ ሊመላለሱ እንደሚችሉ አስበው ቀደም ብለው ይጀምሩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ወደ ኢንቾን ይበራል። ከኢንቾን አውሮፕላን ማረፊያ ሴኡል ባቡር ጣቢያ ድረስ የሚወስድ ባቡር አለ፤ ከሴኡል ኬቲኤክስ በተባለው ፈጣን ባቡር ዶንግዴጉ የተባለው የዴጉ ከተማ ጣቢያ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃል። ዴጉ ላይ የምድር ባቡሩን መስመር 1 ይዘው ቀድሞ ሶንግዳንግሞት ይባል በነበረው፣ አሁን ሶቡ ጆንግንዩጃንግ (የምዕራብ አውቶቡስ ተራ) በሚባለው ጣቢያ ይውረዱ፤ የምዕራብ ዴጉ አውቶቡስ ተራ ከጣቢያው አጠገብ ነው፤ ከዚያም ሄኢንሳ የሚል አውቶቡስ ይሳፈራሉ። ይህ የመጨረሻው ጉዞ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ለቅዳሜና እሁድ የባቡር መቀመጫ ቶሎ ስለሚያልቅ የመመለሻዎንም ጭምር አስቀድመው ይያዙ። የአውቶቡሱን የመጨረሻ መነሻ ሰዓት ደግሞ እንደ ወረዱ ወዲያውኑ ይጠይቁ፤ በተራራው ላይ አመሻሽቶ መኪና መፈለግ ከሚያሳስበው በላይ ያስወጣል።

ስለ ሰዓት አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። ኮሪያ ከኢትዮጵያ በ6 ሰዓት ትቀድማለች፤ እኛ ደግሞ ሰዓት የምንቆጥረው ከሌላው ዓለም 6 ሰዓት ለይተን ነው። በሀገር ቤት አቆጣጠር የተሞላ ባለ ዘንግ የእጅ ሰዓት እንግዲህ ኮሪያ ሲደርስ ማንም ሳይነካው የኮሪያን ሰዓት በትክክል ያሳያል። ጅማ ላይ ቀትር፣ 6 ሰዓት ሲል፣ ሴኡል ላይም ኮሪያውያን በሚቆጥሩት የምሽቱ 6 ሰዓት ነው። መጠንቀቅ ያለብዎት የወረቀት ፕሮግራም ሲያነቡ ብቻ ነው፤ «ጠዋት 4 ሰዓት» የሚል ካዩ ጎህ ከመቅደዱ በፊት ያለው፣ እኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የምንለው መሆኑን አይዘንጉ።

ስልክዎ ላይ ናቨር ማፕ ወይም ካካኦ ማፕ ይጫኑ፤ ጎግል ማፕ ኮሪያ ውስጥ የእግርና የመኪና መንገድ በመምራት እንደ ሌላው ሀገር አያገለግልም። የገዳሙንና የአውቶቡስ ተራውን ስም በኮሪያ ፊደል የሚጽፍልዎት ሰው ፈልገው በስልክዎ ቢያስቀምጡ፣ እንግሊዝኛ የማይናገር ትኬት ሻጭ ሲገጥምዎት ከብዙ የእጅ ምልክት ያድንዎታል።

በሮቹን እያለፉ መውጣት

አውቶቡሱ የሚያወርድዎት ገዳሙ በር ላይ አይደለም። በጥድ ዛፎች መካከል ከወንዙ ጎን እየወጡ 20 ደቂቃ ወይም ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ መራመድ ይጠበቅብዎታል፤ ይህን ክፍል በታክሲ ማለፍ አልመክርም። ተራራ የሚለው ቃል ሊያስፈራዎ አይገባም። የጋያ ከፍተኛው ጫፍ 1,433 ሜትር ሲሆን፣ ጅማ ከተማ ራሷ ከዚያ በላይ ነች፤ ስለዚህ የሚያጥርዎት ትንፋሽ የለም፤ የሚፈትንዎት ቁልቁለቱና ዳገቱ ብቻ ነው። ከግንቦት 2023 ጀምሮ ሄኢንሳን ጨምሮ ጆግዬ የተባለው ትልቁ የኮሪያ ቡድሂስቶች ማኅበር ገዳማት ከጎብኚ ይቀበሉት የነበረውን የቅርስ መግቢያ ክፍያ አስቀርተዋል፤ በራሱ መኪና የሚመጣ ሰው ግን የማቆሚያ ይከፍላል።

በመንገዱ ላይ ጊልሳንግ የተባለች አነስተኛ የድንጋይ ግንብ ታገኛላችሁ ይሏችኋል እንጂ ብዙ ሰው ሳያያት ነው የሚያልፋት። በ895 የተተከለችው በሺላ መንግሥት መጨረሻ በነበረው ሁከት ገዳሙን ሲከላከሉ ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያ ነው። ከእሷ በኋላ የመጀመሪያው በር ይመጣል። ጣሪያው በአንድ መስመር በቆሙ ምሰሶዎች ላይ የተጫነ ሲሆን፣ ከዚያ አልፎ የሚገባ ሰው የተበታተነ ሐሳቡን ሰብስቦ እንዲገባ ታስቦ የተሠራ ነው። በቀኝ በኩል ተጠግተው ይለፉ፤ ከመግባትዎ በፊት ሁለት መዳፍዎን ደረትዎ ላይ ገጥመው ትንሽ ጎንበስ ማለት የአክብሮት ሰላምታ ነው። ከበሩ ወዲያ የደረቀ ትልቅ ግንድ ቆሟል። ገዳሙ ሲመሠረት እንደ ተተከለ የሚነገርለት ዛፍ ሲሆን፣ ከ1,000 ዓመት በላይ ኖሮ በ1945 ደርቋል፤ መነኮሳቱ ግንዱን አላነሱትም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው በር ከታለፉ በኋላ ሰፊ ግቢ ይገኛል። መሬቱ ላይ የተሠመረ ጠመዝማዛ መስመር ያያሉ፤ መነሻው የሺላው ሊቅ ኡይሳንግ በ210 የቻይና ፊደላት የደረሰው ጽሑፍ ነው። ሰዎች መዳፋቸውን ገጥመው መስመሩን ይከተላሉ፤ ከመሃል ተነስቶ ብዙ ጊዜ ተጠማዝዞ እዚያው መሃል ይመለሳል። ልጆች ይዘው ከሄዱ ይህን ቦታ ይወዱታል፤ ሌሎች የሚራመዱትን እንዳያቋርጡ ግን አስቀድመው ይንገሯቸው።

መጋዘኑ

ከዋናው የጸሎት አዳራሽ ጀርባ ያለውን ቀጥ ያለ ደረጃ ሲወጡ የግቢው ከፍተኛ ቦታ ላይ ይደርሳሉ፤ የሰሌዳዎቹ ማከማቻም እሱ ነው። ብዙ ጎብኚ እዚህ ደርሶ ቅር ይለዋል። ከታች ያሉት አዳራሾች በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ቀለም ያሸበረቁ ሲሆኑ፣ እዚህ ግን 60 ሜትር ያህል የሚረዝሙ ሁለት ፊት ለፊት የተሠሩ ሕንፃዎች፣ በጎንና በጎናቸውም ሁለት ትናንሽ ቤቶች ብቻ ናቸው ያሉት፤ ጌጥ የሚባል ነገር አይታይባቸውም። በመስኮቶቹ የእንጨት ፍርግርግ ሲያጮልቁ በመደርደሪያ ላይ እንደ መጽሐፍ የቆሙ ጥቋቁር እንጨቶች ይታያሉ። ወደ ውስጥ መግባት አይፈቀድም፣ ፎቶ ማንሳትም እንዲሁ። ከ2021 ወዲህ ቀድመው ለተመዘገቡ ጥቂት ሰዎች በመሪ የሚደረግ የውስጥ ጉብኝት ተጀምሯል፤ ከመነሳትዎ በፊት የገዳሙን ድረ ገጽ ከፍተው ወይም ኮሪያዊ ወዳጅ አስደውለው ቦታ መኖሩን ይጠይቁ። ባይሳካልዎትም አይዘኑ፤ ዋናው ነገር ከውጭ የሚታየው ነው።

መጀመሪያ ወደ ደቡብ ከሚያየው ግድግዳ ፊት ይቁሙ። ግድግዳው ላይ ከላይና ከታች ሁለት ረድፍ መስኮቶች አሉ፤ የታችኞቹ ከላይኞቹ በግልጽ ይሰፋሉ። አሁን ዞረው የዚያኑ ሕንፃ የኋላ ግድግዳ ይመልከቱ፤ እዚያ ደግሞ የላይኞቹ ይሰፋሉ፣ የታችኞቹ ይጠባሉ። ከፊት በታች በኩል የሚገባው የተራራ አየር በመደርደሪያዎቹ መካከል ዞሮ፣ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከኋላ በላይ በኩል እንዲወጣ ነው የታሰበው። ወለሉ አፈር ነው፤ ከሥሩ ግን ከሰል፣ ጨውና ኖራ ተደልድሎበታል፤ ዝናብ ሲበዛ እርጥበቱን ይመጥጣል፣ አየሩ ሲደርቅ መልሶ ይለቃል። ጀንፈሉን ወይም የተፈለፈለ ቡናውን በጆንያ የሚያስቀምጥ የጅማ ነጋዴ ጆንያውን በርብራብ ላይ አንስቶ፣ ከግድግዳው አርቆ፣ በክምሮቹ መካከል መተላለፊያ ትቶ የሚደክመው ለዚሁ ነው፤ የሄኢንሳዎቹ ያለ መብራትና ያለ ማሽን ይህንኑ ሲያደርጉ ከ500 ዓመት በላይ ቆይተዋል።

ሰሌዳዎቹ ራሳቸውም ለዚህ የተዘጋጁ ናቸው። እያንዳንዱ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመትና 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሲሆን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ግራም ይመዝናል። እንጨቱ በአብዛኛው የዱር ቼሪ ነው። ባሕር ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ በጨው ውኃ ተቀቅሎ፣ ጥላ ውስጥ ደርቆ ከቆየ በኋላ እንደ ተቀረጸ ይነገራል፤ ከዚያም ላኪር በተባለው የዛፍ ሙጫ ተቀብቷል። ጽሑፉ በቻይና ፊደላት፣ በሁለቱም ገጽ፣ ወረቀት ላይ ሲታተም እንዲቃና ተገልብጦ ነው የተቀረጸው፤ በጠቅላላው ከ52 ሚሊዮን ፊደላት በላይ ነው። በሰሌዳው ሁለት ጫፎች የተገጠሙት ወፍራም እንጨቶች እንዳይጣመም ይይዙታል፤ ሰሌዳና ሰሌዳ ሲደረደሩም ፊደሎቹ እንዳይነካኩ፣ በመካከላቸውም አየር እንዲያልፍ ክፍተት ይፈጥራሉ። በ1970ዎቹ መንግሥት ዘመናዊ የኮንክሪት ማከማቻ አሠርቶ ነበር። ለሙከራ የገቡት ሰሌዳዎች መበላሸት ሲጀምሩ ግን ሐሳቡ ተትቶ ወደ አሮጌው መጋዘን ተመለሱ። ጅሬን ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው የእንጨት ሥራን በዝናብ ሀገር ማቆየት ምን ያህል እንደሚከብድ ስለሚያውቅ፣ ይህን ታሪክ ሲሰማ ከሌላው ጎብኚ ይበልጥ ይገረማል ብዬ አስባለሁ።

እሳትም ብዙ ጊዜ ጎብኝቶታል። ገዳሙ በተደጋጋሚ ተቃጥሏል፤ አሁን ያለው ዋናው አዳራሽ የተሠራው ከ1817ቱ ቃጠሎ በኋላ ነው፤ መጋዘኑ ግን ከሁሉም ተርፏል። የመጨረሻው ትልቅ አደጋ የመጣው ከሰማይ ነበር። በ1951፣ የሰሜን ኮሪያ ወታደሮች በጋያ ተራራ ተሸሽገው ሳለ፣ ኪም ዮንግህዋን የተባለ የደቡብ ኮሪያ አየር ኃይል መኮንን አካባቢውን በቦምብ እንዲመታ ታዘዘ፤ ሰሌዳዎቹ እንደሚጠፉ ስለተረዳ ግን አብረውት የሚበሩትን ቦምብ እንዳይጥሉ ከልክሎ ተመለሰ። መታሰቢያው በገዳሙ አካባቢ ቆሞለታል። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የደረሰው በዚያው ዓመት በመሆኑ፣ በዘማቾቹ ታሪክ ያደገ ኢትዮጵያዊ ይህን ድንጋይ ፈልጎ ቢያይ ጊዜው አይባክንም።

በጸሎት ቦታ ያለ እንግዳ

ሄኢንሳ ሙዚየም አይደለም። መነኮሳት ይማሩበታል፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበጋና በክረምታቸው፣ ለሦስት ሦስት ወር ሱባኤ ይይዙበታል። «መግባት ክልክል ነው» የሚል ምልክት ያለበት አጥር ወይም የተገረበበ በር ካዩ ጠጋ ብለው እንኳ አይመልከቱ። ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ፤ አዳራሽ ውስጥ ሲገቡ ባርኔጣዎን ያውልቁ። መነኩሴ ሲያልፍ ቆም ብለው መዳፍዎን ገጥመው እጅ ቢነሱ በቂ ነው፤ ማነጋገር ካለብዎት «ሱኒም» ብለው ይጥሯቸው፤ ይህ መጠሪያ ለወንዱም ለሴቷም መነኩሴ ያገለግላል።

አዳራሾቹ ፊት ለፊት ያለው መካከለኛ በር ለመነኮሳት የተተወ ስለሆነ እርስዎ በጎን በር ይግቡ። ጫማዎን ከደጃፉ አውልቀው አፍንጫቸውን ወደ ውጭ አዙረው ያስቀምጡ፤ ደፉን ተሻግረው እንጂ ረግጠው አይለፉ። በሚሰግድ ሰው ፊት አያቋርጡ፤ ወደ ሐውልቶቹ ጣት አይቀስሩ፤ ጀርባዎን ሰጥተውም ፎቶ አይነሱ። ይህ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለሚሄድ ሰው አዲስ ትምህርት አይሆንም።

የሚያስጨንቀው ጥያቄ ሌላ ነው፤ በእምነቴ ሳልደራደር እንዴት ልገኝ የሚለው። ጅማ ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱ ጎረቤት ሆነው የሚኖሩባት ከተማ ስለሆነች፣ በሌላው የጸሎት ቦታ በአክብሮት ቆሞ አለመስገድ ምን እንደሆነ ነዋሪዋ ያውቀዋል። መዳፍ ገጥሞ ትንሽ ጎንበስ ማለት በኮሪያ ገዳም የሰላምታ ወግ ነው፤ ያም ቢሆን ኅሊናዎ ካልፈቀደ ራስዎን ዝቅ አድርገው ቢያልፉ የሚቀየም የለም። ጉልበትና ግንባር መሬት የሚያስነካው ስግደት ግን አምልኮ ነው፤ ከእንግዳ አይጠበቅም። ዕጣን ወይም ሻማ ማብራትም የአማኙ ድርሻ ነው። ከኋላ በግድግዳው ዳር ጸጥ ብሎ መቆም ወይም መቀመጥ ይቻላል። ከአንድ አስተባባሪ ጋር ከሆኑ «እመለከታለሁ እንጂ አልሰግድም» ብለው አስቀድመው በትሕትና ቢናገሩ፣ በመካከል ከሚፈጠር መደነጋገር ይድናሉ።

አንድ ሌሊት ማደር

ከዴጉ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል፤ እኔ ግን ቴምፕልስቴይ በተባለው ፕሮግራም አንድ ሌሊት እንዲያድሩ እመክራለሁ። የኮሪያ ገዳማት ይህን ፕሮግራም በሰፊው የጀመሩት በ2002 የዓለም ዋንጫ ጊዜ ለመጡት እንግዶች ማደሪያ ለማገዝ ሲሆን፣ ዛሬ ምዝገባው በአንድ የጋራ ድረ ገጽ በእንግሊዝኛም ይከናወናል። ሄኢንሳ ለውጭ ሰው ቋንቋ ተርጓሚ ያለው በየትኛው ቀን እንደሆነ ሲመዘገቡ ይጠይቁ። ሲደርሱ ሰፊ ሱሪና ሰደርያ ይሰጥዎታል። ወንድና ሴት በተለያየ ክፍል ያድራሉ፤ ባለትዳሮችም ቢሆኑ ይህን ደንብ ሊያገኙት ይችላሉ። አልጋ የለም፤ ከሥሩ በሚሞቅ ወለል ላይ ስስ ፍራሽ አንጥፈው ይተኛሉ፣ ጠዋትም አጥፈው ይመልሳሉ።

ማደር የሚያስፈልገው ለሁለት ሰዓቶች ሲባል ነው፤ ለአመሻሹና ለንጋቱ። ጎብኚው ሁሉ ከወረደ በኋላ መነኮሳቱ ትልቁን ከበሮ፣ ደወሉን፣ በዓሣ ቅርጽ የተጠረበውን እንጨትና በደመና ቅርጽ የተሠራውን ብረት በተራ ይመታሉ። ከበሮው በምድር ለሚኖሩ እንስሳት፣ ዓሣው በውኃ ላሉት፣ ደመናው በአየር ለሚበርሩት፣ ደወሉ ደግሞ በሲኦል ለሚሰቃዩ ነፍሳት ነው ይባላል። ከበሮውን መነኮሳቱ እየተቀባበሉ ሲመቱት ዜማ የለመደ ጆሮ ያለው ኢትዮጵያዊ ቆሞ ሳይሰማ አያልፍም። ይኸው ሥርዓት ጎህ ሳይቀድ ይደገማል፤ ከዚያ ጸሎት ይቀጥላል። ሙስሊም እንግዳ ሱብሒውን በክፍሉ ለመስገድ እንዲመቸው የሁለቱን ሰዓት አስቀድሞ ያስተያይ።

ፕሮግራሙ 108 ጊዜ መስገድን ሊጨምር ይችላል፤ ከላይ እንዳልኩት መቅረት መብትዎ ነው። ይህ ከባድ ከመሰለዎ በዚሁ ተራራ ቤንግንዮን በተባለው የጸሎት ቤት ይኖሩ የነበሩት ታላቁ መነኩሴ ሶንግቾል (1912–1993) ሊያያቸው የሚመጣውን ሁሉ መጀመሪያ 3,000 ጊዜ ስገድ ይሉት እንደነበር ይወቁ። ከመነኩሴ ጋር ሻይ እየጠጡ መጨዋወት ግን እንዳያመልጥዎ፤ ማንኛውም ጥያቄ የሚጠየቀው እዚያ ነው። ከጅማ የተቆላ ቡና ይዘው ከሄዱ ለማበርከት የሚመቸውም ያን ጊዜ ነው፤ በሁለት እጅ ይስጡ፤ ሲሰጥዎትም በሁለት እጅ ይቀበሉ።

ምግቡ ለጾመኛው ኦርቶዶክስም ሐላል ለሚጠብቀው ሙስሊምም ከኮሪያ ምግቦች ሁሉ የተሻለው ነው፤ ሥጋ፣ ዓሣና አልኮል የለበትም። ሩዝ፣ ሾርባ፣ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ እንደ አይብ ያለ ምግብ)፣ ከተራራው የተለቀሙ ቅጠሎችና ሥሮች ይቀርባሉ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በገዳም ወጥ ቤት አይገቡም፤ ስሜት ይቀሰቅሳሉ ተብሎ ስለሚታመን የተከለከሉ ናቸው፤ ስለዚህ ለእኛ ምላስ መጀመሪያ ላይ ጣዕሙ ጭር ሊልበት ይችላል። በሚያልቅልዎ መጠን ብቻ ይውሰዱ፤ ፍርፋሪ ማስቀረት ነውር ነው፤ የበሉበትንም ሳህን ራስዎ ያጥባሉ። ከገዳሙ በታች ያሉት ምግብ ቤቶች የዱር ቅጠል የተቀላቀለበት ሩዝ ያቀርባሉ፤ እሱ ላይ እንቁላል ሊጨመር፣ ኪምቺው (በቅመም የተብላላው ጎመን) ደግሞ በዓሣ ወይም በሽሪምፕ ጨው የተሠራ ሊሆን ስለሚችል የሚጾም ሰው ይጠይቅ።

በማግስቱ ጉልበት ከተረፈዎት ከገዳሙ እስከ ሳንግዋንግ ጫፍ (1,430 ሜትር) ያለው 4 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከሁለት ሰዓት በላይ ያስወጣል፤ የመጨረሻው ክፍል ድንጋያማ ነው፣ በዝናብና በበረዶ ጊዜ አይሞከርም። ለአብዛኛው ሰው የሚሻለው በሆንግንዩዶንግ ሸለቆ ወንዙን ተከትሎ የሚወርደው ሶሪጊል የተባለ የእግረኛ መንገድ ነው፤ ርዝመቱ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የሺላው ሊቅ ቾ ቺወን ከቤተ መንግሥት ርቆ የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈበት አካባቢ ነው። ወደ ታች እየወረዱ ስለሆነ ሻንጣዎ ቀላል ይሁን፤ በመጨረሻም የዴጉ አውቶቡስ የሚያልፍበት መንገድ ላይ ይወጣሉ።

የቃኘው ሻለቃ መታሰቢያ ያለባት ቹንቾን ከሴኡል ሰሜን ምሥራቅ ነች፤ ከሄኢንሳ ጋር በተቃራኒ አቅጣጫ ስለምትገኝ በዚያው ቅዳሜና እሁድ ለማካተት አይሞክሩ። ሴኡል ከተመለሱ በኋላ በባቡር ደርሶ ለመመለስ ሌላ አንድ ቀን ይበቃታል።